«ልጄን ነጠቀችኝ» ያለቻት ወተት ሻጭ

«ሁለተኛ እንደዚያ ብለሽ እንዳትጠሪያት! ሰማሽ?!»

አስካለማርያም ልጇን ከኹርሲ እቅፍ መንጭቃ ወሰደቻት...

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ቦታው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር።

የሦስት ዓመቷ ትርንጎ ወተት የምታመጣላቸውን ኹርሲን «ሆዮ» ብላ ጠርታት ነው።

ሆዮ በሶማሊኛ... እናቴ ማለት ነው።



ነገሩ የዚያን ቀን አልጀመረም።

ኹርሲ ጠዋት ጠዋት የደቻቱን ወንዝ ተሻግራ ወተት ይዛ ስትመጣ፣ ትርንጎ ከእናቷ ጭን ወርዳ ትሮጣለች።

ከረሜላ ካገኘች ግማሹን ለኹርሲ ታስቀምጣለች።

ስታለቅስ እናቷ አባብላ አባብላ ሲያቅታት፣ ኹርሲ ትከሻዋ ላይ ጣል ስታደርጋት... እንቅልፍ!

አስካለማርያም ኹርሲ የምታንጎራጉረውን ዜማ ተደብቃ አጠናችው። ሞከረችው። ልጅቷ ግን «እንደሱ አይደለም» ብላ ፊቷን አዞረች።

ኹርሲ ከሄደች በኋላ የልጇን ፀጉር ታሸታለች... የሌላ ሴት ሽቶ ከሸተታት እንደገና ታጥባታለች።

ባሏ ወንድይራድ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነው። ዝምተኛ ሰው።

«ተያት አስካሉ... ምን አደረገችሽ?» ይላታል።

«ልጄን ነጠቀችኝ! ከዚህ በላይ ምን ታድርገኝ?»

ወንድይራድ አፉን ከፈት አድርጎ... መልሶ ይዘጋዋል።

ያን ዕለት ግን አስካለማርያም መታገሥ አቃታት።

ጎረቤት ሁሉ እያየ የኹርሲን ወተት ደጅ ላይ ደፋችው።

«ከእንግዲህ እዚህ በር እንዳትደርሺ! ልጅ ከፈለግሽ የራስሽን ውለጂ!»



ኹርሲ ጎንበስ ብላ ባዶ ዕቃዋን አነሳች... ሻሿን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ሄደች።

አስካለማርያም አሸነፍኩ ብላ ነበር።

ግን ምን ዋጋ አለው?

ትርንጎ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቁጭ ብላ መንገድ ታያለች። ወተት ሲሰጧት አልፈልግም ትላለች።

ኹርሲ ቀረች... ቅናቱ ግን አልቀረም።

ጥቂት ሰነባብቶ የገብርኤል ክብረ በዓል ደረሰ።

አስካለማርያም ስለት ነበረባት። ትርንጎን ወልዳ በጠና ታማ ሆስፒታል ስትገባ «ልጄን ካቆየህልኝ ጥላ አስገባለሁ» ብላ ተስላለች።

ጥላውን ይዛ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆመች።

ካህኑ ያስተምራሉ...

«ጌታችን ምን አለ? ስጦታ ይዘህ መጥተህ፣ ያዘነብህ ወንድም እንዳለ ትዝ ካለህ፣ ስጦታህን እዚያው ተወው። መጀመሪያ ሂድ ታረቅ። ከዚያ ና።»

አስካለማርያም ከራሷ ጋር ሙግት ገጠመች።

«እሱማ ወንድምህ ነው ያለው... እሷ ምኔ ናት? ሃይማኖታችንም አንድ አይደለም...»

ግን ጌታ ሂድ ታረቅ ሲል መጀመሪያ ሃይማኖቱን ጠይቅ ብሏል እንዴ?

ደጅ ላይ ያጎነበሰችው ኹርሲ ዓይኗ ላይ መጣችባት።

ጥላውን ለበሩ ዘበኛ «አባቴ፣ ይያዙልኝ» ብላ ሰጥታ ወጣች...

እየጠየቀች ደቻቱን ተሻግራ የኹርሲን ቤት አገኘችው።

በሩን የከፈተችው ራሷ ኹርሲ ናት። ደነገጠች።

«ልጅቷ አመማት እንዴ?!»

ስድቡን አላነሳችም። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ልጅቷ ነው...

አስካለማርያም እግሯ ላይ ወደቀች።

«በድዬሻለሁ... ቀንቼ ነው። ልጄ ከእኔ ይልቅ አንቺን ስትወድ ማየት አቃተኝ። ይቅር በይኝ።»

«አቦ ተነሺ! ዋላሂ እኔ ትቼዋለሁ...»

ይሄኔ ከጓዳ የኹርሲ እናት፣ አሮጊቷ ማርያን፣ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«እኔ ግን አልተውኩትም! የራስሽን ውለጂ አልሻት አይደል? አንቺ ሆስፒታል ተኝተሽ ልጅሽን ማን አጠባት?!»

«እናቴ፣ ተይ!» አለች ኹርሲ።

«አልተውም! ሕፃኗ የላም ወተት አልስማማ ብሏት ልትሞት ነበር። ባልሽ የምታጠባ ሴት ፍለጋ መጥቶ እዚህ በር ላይ ቆሞ አለቀሰ። ልጄ የራሷን ሕፃን ሴት ልጅ ከቀበረች ሳምንት እንኳን አልሞላትም... ጡቷ በወተት ተወጥሮ ነበር። ያንቺን ልጅ ተቀብላ አጠባቻት። አንቺ ድነሽ እስክትወጪ ድረስ!»



«ለምን... ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች አስካለማርያም።

ኹርሲ ዓይኗን ጠረገች።

«እንዳይነግርሽ ባልሽን ያስማልኩት እኔ ነኝ። ከሞት ተነስተሽ መጣሽ... ጡትሽ ደርቋል። ብነግርሽ ልጅሽን ባየሽ ቁጥር እኔን ልታስቢ ነው። እሷን ብቻ እያየሽ እንድትደሰቺ ብዬ ነው።»



ከዚያ አስካለማርያም ቀስ ብላ ጠየቀች...

«ያንቺ ልጅ... ስሟ ማን ነበር?»

ኹርሲን ከዚያ በፊት ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ኢድል...» አለች። ያን ሁሉ ስድብ ችላ ዝም ያለችው ሴት፣ የልጇን ስም ስትጠራ እንባዋን መያዝ አልቻለችም።

ሁለቱ እናቶች ተቃቅፈው አለቀሱ።

ወዳጆቼ...

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አስካለማርያም ያንን በር ስታንኳኳ ውለታውን አታውቅም ነበር። ያስነሳት የሰማችው ቃል ብቻ ነው።

ውለታውን ካወቀች በኋላ ብትሄድ ኖሮ፣ እፍረት ገፋት ይባል ነበር።

የክርስቶስን ቃል መስማት ቀላል ነው። ከቅዳሴ መሀል ወጥቶ፣ የቀናንበት ሰው ደጅ ሄዶ «ቀንቼብህ ነው» ማለት ግን... እምነት ማለት ያ ነው።

እስቲ እናንተን ልጠይቅ...

ዛሬ ለጸሎት ብትቆሙ «ሂድ፣ መጀመሪያ ታረቅ» የምትባሉት ከማን ጋር ነው? ስሙን አትጻፉ... ትሄዳላችሁ ወይስ ትቀራላችሁ? ኮሜንት ላይ እንጠብቃችኋለን።