የገዢው ፈገግታ

"አልገባኝም፤ እባክዎ ይድገሙልኝ" አለ ገዢው በእንግሊዝኛ፣ ሻጩ ዓይኑ ላይ ባጠለቀው የምናባዊ እይታ መነጽር ውስጥ ሆኖ ፈገግ እያለ። የቆርቆሮ ሻጩ ዋጋውን ደግሞ ሊናገር ሲሞክር ምላሱ ተሳሰረ። ገዢው ምስል ብቻ ነበር። ወጣቱ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ግን ትምህርቱ እውነት እንዲመስል ምስሉ በሚታይበት ቦታ ላይ ይቆምና ለሰላምታ የራሱን እጅ ይዘረጋ ነበር።

"ጋሼ፣ ይቺን ፈተና ካላለፉ እኮ የውጭ ሽያጩ ሥራ ለሌላ ሰው ነው" አለ አስተማሪው፣ ሳቁን እያፈነ። ከኋላ የተቀመጡት የሻጩ የሥራ ባልደረቦች ግን አላፈኑም።

የሻጩ ደም ፈላ። የተዘረጋውን እጅ በግራው ጨምድዶ ይዞ ገዢውን አፉ ላይ በቡጢ አለው። ጥርስ ሲነቃነቅ ተሰማው፤ ገዢው ግን አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው። ይሄ ይባስ አበገነው። ደገመው። ጣቶቹ መሃል ሞቅ ያለ ነገር ወረደ።

"ኧረ ጋሼ፣ በእናትዎ! እኔ ነኝ!" አለ ገዢው በአማርኛ፣ ፈገግታው ሳይነቃነቅ።

ሻጩ የአስተማሪውን ድምፅ ለየ። የያዘውን እጅ ሳይለቅ በቀኙ መነጽሩን አወለቀና እንዳይሰበር ተጠንቅቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሦስተኛውን ቡጢ የልጁን ዓይን እያየ ሰነዘረ።