ሐጂ እንዳይቀየሙ

ጋዲሴ አዳማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብላ የሠላሳ ሰባት ድርጅቶችን ድረ ገጽ የተሸከመ አንድ ሰርቨር ትጠብቃለች። ትጠብቃለች ከማለት ታስታምማለች ማለት ይቀላል።

የሰርቨሩ ሶፍትዌር አርጅቷል። ሠሪዎቹ ራሳቸው ከሦስት ዓመት በፊት «ከእንግዲህ ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ አንደፍንም፣ ወደ አዲሱ እለፉ» ብለው እጃቸውን ታጥበዋል። ዓለሙ ሁሉ አለፈ። ጋሼ ሰንበታ አላለፉም።

ጋሼ ሰንበታ የዚህ የድረ ገጽ ማኖሪያ ቤት ባለቤት ናቸው። ጋዲሴ «መቼ ነው የምንቀይረው?» ስትላቸው «ከፋሲካ በኋላ» አሉ። ፋሲካ አለፈ። «ከኢሬቻ በኋላ» አሉ። ኢሬቻም አለፈ። ረመዳን ሲገባ፣ ፕሮቴስታንቱ ሰውዬ እሱንም ሰበብ ለማድረግ አላፈሩም።

የሰበቡ ሁሉ ሥር አንድ ሰው ነበር፤ ሐጂ መሐመድሰዒድ፣ የመቂው የሽንኩርት ነጋዴ። የሐጂ ገጽ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የተሠራ ስለሆነ በአዲሱ ሶፍትዌር አይከፈትም። የሠራው ልጅ የት እንደገባ አይታወቅም። ሰርቨሩ ደግሞ የጋራ ነው፤ ወይ ሁሉም ይሻገራል፣ ወይ ሁሉም ይቀራል።

ለምን ዓይነት ገጽ ነው ይህ ሁሉ? አረንጓዴ ጽሑፍ፣ የደበዘዘ የቲማቲም ፎቶ፣ ከሥሩ «ሽንኩርት በኪሎ 9 ብር»። በዘጠኝ ብር ዛሬ ልጣጩም አይገኝም። «ከማርጀቱ የተነሳ ዋጋ መቀየር እንኳ አቅቶታል» እያለች ጋዲሴ ትስቅበታለች።

ጋሼ ሰንበታ ግን ጠዋት ቢሮ ሲገቡ ኮታቸውን ሳያወልቁ የሐጂን ገጽ የጎብኚዎች ዝርዝር ያያሉ። በየቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ፣ ከመቂ፣ አንድ ጊዜ።

«ሐጂ ገብተዋል!» ይላሉ፣ ፊታቸው ፈክቶ። «ይኸው፣ ይጠቀሙበታል።»

ለዒድ እንኳን አደረሰዎ ሊሉ ሲደውሉም «በከፈቱ ቁጥር እዚህ ይታየኛል እኮ፣ ሐጂ!» ሲሉ ሰምታቸዋለች። ሽማግሌ ለሽማግሌ ሲሽኮረመም ማየት ያሳፍራል።

«ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?» አለች አንድ ቀን። «አዲስ ገጽ እንሥራልዎ ቢሏቸው?»

«ምን ብዬ? ይህን ቤት ስከፍት ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ መጀመሪያ የፈረሙልኝ እሳቸው ናቸው። አሮጌው ነገርዎ አስቸገረን ልበላቸው? ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል።»

ውሻውስ ሌባ ሲያይም ይጮኻል፣ ልትል ፈልጋ ዋጠችው።

ሌባው ሰኞ ገባ። ባልተደፈነው ቀዳዳ ሾልኮ የወይዘሮ ዘርፉን ሆቴል ገጽ በቁማር ማስታወቂያ ሞላው። ለሠርግ አዳራሽ ሊይዙ የከፈቱ ሽማግሌዎች የቁማር መንኮራኩር ሲሽከረከር አገኙ። ወይዘሮ ዘርፉ ሦስቱን ፎቅ እያለከለኩ ወጡ።

«አቶ ሰንበታ፣ እስከ ዓርብ ረፋድ። ካልቀየራችሁ እኔም እወጣለሁ፣ ያመጣኋቸውንም ይዤ እወጣለሁ!»

ያመጧቸው ደንበኞች ሃያ ሁለት ናቸው። እነሱ ከወጡ ቤቱ ይዘጋል፤ የጋዲሴም እንጀራ አብሮ ይዘጋል። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም።

«እናስብበታለን» አሉ ጋሼ ሰንበታ። ማክሰኞ አሰቡ። ረቡዕ አሰቡ። ሐሙስ ማሰቡ ራሱ ደክሟቸው ቀድመው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ዓርብ ጠዋት ጋዲሴ «የቤተሰብ ጉዳይ አለብኝ» ብላ ወደ መቂ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች። ሞጆን፣ ከዚያም ቆቃን እያለፈች የምትናገረውን ታዘጋጅ ነበር። ሠላሳ ስድስት ሰው አግቶ የተቀመጠ ግትር ሽማግሌ! ለዘጠኝ ብር ሽንኩርት!

ሐጂን ሽንኩርት ከሚጫንበት ሜዳ አገኘቻቸው። በሁለት አይሱዙ መካከል የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የዕለቱን ዋጋ በድምፃቸው እየቀዱ ለአዲስ አበባ ደንበኞቻቸው በቴሌግራም ይልካሉ። ጋዲሴ ይህን ስታይ ይብሱን ተናደደች። አለማወቅ ቢሆን ይቅር ይባል ነበር፤ ይኸ ግን ንቀት ነው።

አፏን ሳትከፍት ስልኳ ጠራ። ጋሼ ሰንበታ ናቸው።

«ዘርፉ ወጡ» አሉ። «ሃያ ሁለቱም።» ከዚያም፣ «ግድ የለም፤ ሐጂ አሉልን።»

ስልኩን ዘጋችው። እንባዋ የንዴት ነበር።

«ሐጂ፣ ከአዳማ ነኝ፤ ከጋሼ ሰንበታ ቤት።»

ሐጂ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «አካም ጅርታ፣ ልጄ! ምነው፣ ምን ሆናችሁ? እኔ እንደሁ ዛሬም ከፍቻለሁ!»

«ይኸው መክፈትዎ ነው ቤታችንን ያዘጋው!» አለች፣ በመንገድ ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፍቶባት። «አንድ የእርስዎ ገጽ እንዳይበላሽ ተብሎ ሰርቨሩ ሦስት ዓመት ሳይታደስ ቀረ። ሌባ ገባብን። ደንበኛው ሁሉ ሄደ። ምን አለ ይቀየር ቢሉ?»

ሐጂ ጫኚዎቹን በእጃቸው ራቅ አደረጓቸው።

«ሰንበታ ነው የላከሽ?»

«አይደለም። መምጣቴንም አያውቁም።»

ሐጂ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

«እንግዲያስ እንዳትነግሪው፣ ልጄ፤ እኔ ያንን ገጽ ከተውኩት ስምንት ዓመቴ፤ ጠዋት ጠዋት የምከፍተው ሰንበታ እንዳይቀየመኝ ብዬ ነው።»