ኔትዎርክ እስኪመለስ

ሞቱማ በባኮ መንገድ ላይ ሞተ። ጥይቱ ከየት እንደመጣ የጠየቀ የለም። መንገዱ ዝግ ስለነበር እዚያው ቀበሩት። ኔትዎርክም ስላልነበረ አምቦ ያለችው እናቱ አልሰማችም።

ወሬውን ይዛ የመጣችው ሚስቱ ዱረቲ ናት፤ ለእናቱ ገና ያላስተዋወቃት ሚስት። መንገዱ ለአንድ ቀን ሲከፈት በእህል መኪና መጣች። በሩን የከፈተችላት ግን እናቱ ዶርቃስ ሳትሆን ሸዋገነት ነበረች።

ሸዋገነትና ዶርቃስ በአንድ ጣሪያ ሥር ያረጁ ጓደኛሞች ናቸው። ሸዋገነት ነርስ ነበረች፣ ዶርቃስ መምህርት። አንዷ ማርያም ትሳለማለች፣ ሌላዋ ጸሎት ቤት ትሄዳለች። በጾም ወራት ድስታቸው ይለያል፤ ሌላው ሁሉ የጋራ ነው። የጓደኛዋን ደም ግፊት በየጠዋቱ የምትለካው ሸዋገነት ስለሆነች፣ መርዶው እንዲቆይ የወሰነችውም እሷ ናት።

«ዛሬ ብትሰማ ሁለት ሬሳ ነው» አለቻት ልጅቷን በሹክሹክታ። «ግፊቷ እስኪወርድ የኔ ዘመድ ነሽ። ባልሽ ሞቶብሽ ከባኮ የመጣሽ። ይኸ እንኳ ውሸት አይደለም።»

ዶርቃስ እንግዳዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ጥቁር ልብሷን፣ እጇ ላይ የሚንሸራተተውን የወንድ ሰዓት። ዓይኗ ሰዓቱ ላይ ቆየ።

«ሰዓቱን አስቀምጪው፤ ዕቃ ስታጥቢ ውሃ ይገባዋል» አለች፤ ለሸዋገነት ደግሞ፣ «የሞቱማ አልጋ ባዶ ነው፤ እዚያ ትተኛ።»

ከዚያ ወዲያ ለልጅቷ ፊት አልሰጠቻትም። ጄሪካን ስታነሳ «ተዪው! ደፍተሽ ቤቱን ልታጨቀዪ ነው!» ትላታለች። ገበያ ልሂድ ስትል «አላምናትም፤ እዚሁ ትቀመጥ» ትላለች። ልብስሽን ልጠብልሽ ስትላት «ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ፣ የኔን ልብስ እንዳትነኪ!» ብላ ራሷ አጥባ ክፍሏ ውስጥ ታሰጣለች። ዱረቲ ምግብ የተወች ቀን ደግሞ ጉድ ነው።

«እንቁላሉን ጨርሺ። ወተቱንም።»

«አዴ ዶርቃስ፣ አልወርድ አለኝ።»

«ታመሽ አስታምሙኝ ልትይን ነው? ዋጪ! ሸዋገነት በጾሟ ስታየኝ ብቻዬን መብላት አሳፍሮኛል።»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የምታፍሪው?» አለች ሸዋገነት።

«ጋቢውንም ደርቢ። ከባኮ ሙቀት መጥተሽ ብርዱ ይገልሻል።»

ሸዋገነት ማድቤት ውስጥ ልጅቷን ታጽናናለች። «ቻያት። ብታውቅ ኖሮ እንዲህ አትሆንብሽም።»

ዱረቲ ራሷን ትነቀንቃለች። ካለቀሰች ቆይታለች፤ እንባው ደርቋል።

ዶርቃስ በፀሐይም በዝናብም የልጇን አሮጌ አረንጓዴ ካፖርት እስከ አንገቷ ቆልፋ መዋል ጀመረች። መድኃኒቱ ነው የሚያበርደኝ አለች። ሸዋገነት ግፊቷን ትለካለች፤ አይወርድም። አንዳንዴ እንዳትጠረጠር ብላ «ሞቱማስ ደውሎ ይሆን?» ትላታለች።

«በየትኛው ኔትዎርክ?» ትላለች ዶርቃስ።

ክረምቱ እንዲሁ አለፈ። ከዚያ ኔትዎርክ ተመለሰ። የጎረቤቱ ስልክ ሁሉ መጮህ ጀመረ፤ ሰበቡም አለቀ። ሸዋገነት የዶርቃስን ስልክ ቁም ሣጥን ውስጥ ደበቀችው። ዶርቃስ ስልኬ የት ገባ አላለችም።

በማግስቱ እንደ ወጉ ጎሕ ሲቀድ ሸዋገነት የጠራቻቸው መርዶ ነጋሪዎች መጡ። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ኦቦ ሚልኬሳ ከፊት ናቸው፣ የሰፈሩ ሴቶች ከኋላ። ሸዋገነት ውሃና መድኃኒት ይዛ ከጓደኛዋ ጎን ተቀመጠች። ዱረቲ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«አዴ ዶርቃስ» አሉ ኦቦ ሚልኬሳ። «ሞቱማን ጌታ ወስዶታል። በርቺ።»

ሴቶቹ ሊጮኹ እጃቸውን ወደ ደረታቸው አነሡ።

«ዝም በሉ!» አለች ዶርቃስ፣ ክፍል ጸጥ በምታሰኝበት ድምጿ። «ማንም ደረት እንዳይመታ። ልጅቷ እርጉዝ ናት፤ እንዳታስደነግጡብኝ።»

ሸዋገነት ወደ ዱረቲ ዞረች። ዱረቲ ጋቢዋን ሰብስባ አንገቷን ደፋች።

ዶርቃስ የካፖርቷን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታች። ከሥር የለበሰችው ቀሚስ ጥቁር ነበር፤ ከመታጠብ ብዛት ወይቧል።