የኦቦ ጋሩማ ሬዚስታንስ

መምህር ሕሩይ ከደብረ ማርቆስ ነቀምቴ ተመድቦ ፊዚክስ ሲያስተምር ያልፈታው ሰርኪዩት የለም። በራሱ ጉዳይ ሲሆን ግን ፊውዙ ቶሎ ይቃጠላል። ባዮሎጂ የምታስተምረውን ሊሊሴን ይወዳታል፤ ስታልፍ ካየ እጁ ላይ ያለው ጠመኔ ይሰበራል።

አንድ ቀን እንደምንም ደፍሮ ምሳ ጋበዛት።

«ይቅርታ መምህር፣ አባቴ ከባድ ሰው ነው» አለችው ፈገግ ብላ።

ሕሩይ ቤቱ ገብቶ ቤተሰቧን በሰርኪዩት ሳለ። እናቷ አዴ ድርቤና አክስቷ ኬኔ ጎን ለጎን፣ በፓራለል። አባቷ ኦቦ ጋሩማ ከሁለቱ ቀጥለው፣ በሲሪስ። ሁለቱን ሴቶች ወደ አንድ ሬዚስተር አጠቃለላቸው፤ ፓራለል ናቸውና ውጤቱ ከትንሿም ያንሳል። ትንሿ ኬኔ ስለሆነች በእሷ ጀመረ።

የተበላሸ ካውያዋን ጠገነላት። ሲሰካው የቡርቃ ጃቶ ግማሽ ሰፈር መብራት ጠፋ። ኬኔ ግን እየሳቀች ወደደችው። አዴ ድርቤንም አመሻሽ ላይ «አካም ቡልተን» እያለ በጠዋት ሰላምታ ሲቀርባቸው ልባቸው ራራለት።

የቀሩት ኦቦ ጋሩማ ናቸው። በሲሪስ ያለ ሬዚስተር ደግሞ ሌላው ሁሉ ቢቀልም እሱ አይቀንስም። ሕሩይ እንቅልፍ አጣ። ኦቦ ጋሩማ እምቢ ካሉ ዝውውር ጠይቆ ከተማውን ሊለቅ ቆረጠ፤ ሊሊሴን በየቀኑ እያየ መኖር አይችልም።

በመጨረሻ ሽማግሌ ላከ። ወጉ ቤቱ ተቀምጦ መጠበቅ ነበር፤ አላስቻለውም።

«ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር ሲሄድ የት አይተሃል?» አለው ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የሒሳብ መምህሩ ጋሽ አሻግሬ።

ሕሩይ ጋቢ ተከናንቦ ከኋላ ተከተላቸው፤ ከሽማግሌዎቹም ተርታ ተቀመጠ።

ኦቦ ጋሩማ ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ራኮ ሂንቀቡ፣ ችግር የለም። እኔ ምን ተቃውሞ አለኝ? ልጅቷ ትምጣና ከአፏ እንስማ» አሉ።

ሕሩይ እንባው መጣ። ጠቅላላው ሬዚስታንስ ዜሮ ሆነ። ዜሮ ሬዚስታንስ ሾርት ፈጥሮ ፊውዝ እንደሚያቃጥል ለተማሪዎቹ ደጋግሞ አስተምሯል፤ ያን ጊዜ ግን ትዝ አላለውም።

ሊሊሴ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠርታ ገባች። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ሰላም አለች። ሕሩይ ጋ ስትደርስ ጋቢውን አይታ ደስ አላት።

«መምህር፣ አንተ ደግሞ የማን ሽማግሌ ሆነህ መጣህ?»