አራት ኖዝል ለሽበሺ ፒካፕ

«ይኼኛው ይሻላችኋል» አለ ልዑል፣ በናፍጣ የጠቆሩ አራት ኖዝሎች ባንኮው ላይ ደርድሮ። «ያገለገለ ነው፣ ግን ኦሪጅናል ነው። ያኛው አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል፤ እኔ ግን የወንድሜ መኪና ላይ አላስረውም።»

ሽበሺ ኖዝሎቹን አላየም። ያየው ሚስቱን ነው። ብርሃንነሽ ባንኮውን ተደግፋ፣ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ሰውዬው የሚለውን ታዳምጣለች። እሱ ራሱ ባሏ ሲያወራ እንዲህ አዳምጣው ታውቃለች? እንጃ። ደግሞ ዛሬ ምን ሆና ነው ያንን ውሃ ሰማያዊ ቀሚስ ያወጣችው? ኖዝል ለመግዛት ከሰርቦ ጅማ ድረስ ተኳኩሎ የሚመጣ ማን አለ?

እሱስ ቢሆን ወዶ አልመጣም። ፒካፗ ጠዋት ጠዋት አልነሳም እያለች፣ ስትነሳም ሰፈሩን በጥቁር ጭስ እያጠነች ሁለት ሳምንት አሰቃየችው። መካኒኩ፣ «ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎች አልቀዋል፣ አራቱንም ቀይር» አለው። ሰኞ ከደዶ እሸት ቡና መጫን ይጀምራል፤ የቡና ማጠቢያው ባለቤት ደግሞ፣ መኪናህ አንድ ቀን ከቆመች ሥራውን ለሌላ እሰጣለሁ ብሎ ቁርጡን ነግሮታል። ኖዝሉም መፈተኛ ማሽኑም አንድ ላይ ያለው በቾ ቦሬ ሰፈር፣ ልዑል ሱቅ ነው። ከስንቱ ነጋዴ መሀል ልዑል ጋ።

ልዑል የብርሃንነሽ የኮሌጅ ጓደኛ ነው። አልበሟ ውስጥ በምረቃዋ ቀን ከጎኗ ቆሞ፣ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ የተነሳው ፎቶ አለ። ሽበሺ በአሥር ዓመት ትዳር ውስጥ ያንን ፎቶ ስንቴ አውጥቶ እንዳየው እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ። «የክፍሌ ልጅ ነው፣ ምን አለበት?» ትለዋለች። የክፍል ልጅ ሁሉ ትከሻ ይይዛል እንዴ?

«እስቲ እንፈትናቸው» አለ ልዑል። ያገለገለውን ማሽኑ ላይ አሰረና እጀታውን ጫን አደረገው። ናፍጣው እንደ ጉም በንኖ ወጣ። ቀጥሎ የአዲሱን ላስቲክ ቀደደ። አዲሱም ረጨ፣ ግን ጫፉ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ወደቀች፤ ወዲያው ሌላ ተተካች። «አያችሁ? ይኼ ነው ጭስ የሚሆነው። ሲብስ ደግሞ ፒስተን ያቃጥላል።»

ዓይን ያለው ሰው ያየዋል። ሽበሺም አይቶታል፤ ሃያ ዓመት መሪ የጨበጠ ሰው ነው። ግን «ያገለገለ» የምትለዋ ቃል ሆዱ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለችው። በሚስቴ ፊት፣ አቅምህ ለአሮጌ ነው የሚበቃው ሊለኝ ነው?

«ያገለገለው አይሻልም?» አለች ብርሃንነሽ። «ልዑል እኮ ዕቃ ያውቃል።»

ልዑል አለችው። አቶ የለ፣ ምን የለ። ሽበሺ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ሹፌሩ ማነው?» አላት። «እኔ ነኝ ወይስ እሱ?»

«ኧረ እኔ ምን አልኩ?»

«አዲሱን ስጠኝ» አለው ልዑልን። «የሚያንጠባጥበው አዲስ ስለሆነ ነው። ሲሠራ ይፍታታል።»

ኖዝል ጫማ ነው እንዴ ሲለበስ የሚፍታታው? ይህን ሌላ ሹፌር ተናግሮት ቢሆን፣ ሽበሺ ራሱ ሰርቦን ዞሮ ያስቅበት ነበር። ቅናት እንዲህ ነው፣ አዋቂውን ሰው ቂል ያደርገዋል።

ልዑል ከገበያተኛ ጋር አይከራከርም። «እሺ ወንድሜ፣ አንተ ካልክ» አለና አዲሶቹን ካርቶን ውስጥ ከቶ ደረሰኙን አወጣ። «በማን ስም ልጻፈው?»

«ሊብሬው በሷ ስም ነው» አለ ሽበሺ። ሆን ብሎ ነው። በገዛ እጅህ ጻፈው፣ የእኔ ሚስት መሆኗን እያወቅህ።

ልዑል እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀና አለ። «ስምሽ ማነው፣ እህቴ?»

ብርሃንነሽ የሚቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ልዑል ግን ይጠብቃል። አንድ መንገደኛ ከበር ላይ «አካም ጅርታ» ሲለው «ናጋ፣ ናጋ» ብሎ መለሰለትና እንደገና ወደሷ ዞረ። «ስም?»

«ብርሃንነሽ» አለች። ድምፅዋ አልወጣም፤ ደግማ ነገረችው። ጻፈው።

ሽበሺ ሳቁ መጣ። ተመስገን፣ አሥር ዓመት ሙሉ የተንገበገብኩት ስሟን እንኳ ለማያውቅ ሰው ነው? ሊያሾፍባት ዞር ሲል ፊቷን አየ። ከንፈሯን ነክሳ፣ ወለሉን እያየች የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች። ማሾፉን ተወው። ሐዘን ላይ አይቷታል፣ ተጣልተው አኩርፋ አይቷታል፤ ይህን ፊት ግን አይቶት አያውቅም። እኔ ብረሳት እንዲህ ትሆናለች? ብሎ ራሱን ጠየቀ። መልሱን ፈራው። አሁን የቀናው በልዑል አይደለም፣ በዚያ ፊት ነው።

«ወንድሜ» አለ፣ ካርቶኑን ወደ ልዑል እየገፋ። «ያንን ያልከኝን ስጠኝ፣ ያገለገለውን።»

ፒካፗ በስንት መከራ ተነሳች። ብርሃንነሽ ኖዝሎቹን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ቤት ውስጥ በልጃቸው ስም «የቲቲ እናት» ነው የሚላት፤ ስሟን ከጠራ ስንት ዓመቱ።

«ብርሃንነሽ» አላት።

«አቤት?» አለች፣ ሳትዞር።

መንገዱን እያየ ትንሽ ነዳ።

«ብርሃንነሽ» አለ ደግሞ።