ፔዳሉ ላይ የታሰረው ሰዓት

ሐኪሙ «ስኳር ደጅዎ ቆሟል፤ ካልተንቀሳቀሱ ይገባል» ስላለኝ ልጄ ሰዓት ገዝታ እጄ ላይ አሰረችልኝ። እርምጃዬንና የልቤን ምት እየለካ ወደ ስልኳ ይልክላታል። ገና ቁጭ ስል ይንቀጠቀጥና በትሁት ድምፅ «ተነስተው ይራመዱ» ይለኛል። ቀኑን ሙሉ የሰው ቀሚስ ስሰፋ ውዬ በምን ጉልበቴ ነው የምራመደው?

ሲሰለቸኝ ፈትቼ የስፌት መኪናዬ ፔዳል ላይ አሰርኩት። እኔ እየረገጥኩ ስሰፋ እሱ እርምጃ ይቆጥራል። ልጄም እየደወለች «እማዬ፣ ጎበዝ! ዛሬም እግርሽ አላረፈም» ትለኛለች። ውሸትም አይደል፤ እግሬ መቼ አርፎ ያውቃል?

ትናንት ግን ወገቤ አልታዘዝ ስላለኝ ስፌት አልነካሁም። መኪናውን በጨርቅ ሸፍኜ ጋደም እንዳልኩ ልጄ ደወለች።

«እማዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው? ልብሽ እኮ በጣም እየመታ ነው። ኧረ ትንሽ አረፍ በይ!»

«የኔ ልብ?»

«ታዲያ የማን ይሆናል? ሰዓቱን አድርገሽው የለ?»

ከተኛሁበት ቀና ብዬ ፔዳሉን አየሁት። አይንቀሳቀስም።

«አድርጌዋለሁ» ብያት ስልኩን ዘጋሁ።

ወገቤን ይዤ ተነሳሁና ሰዓቱን ፈታሁት። ከሥሩ ያለው የፔዳሉ ብረት ሞቋል። ለመፍራት እንኳ ጉልበት አልነበረኝም። እጄ ላይ ጠበቅ አድርጌ አሰርኩትና ጠበቅሁ። ቆይቶ ተንቀጠቀጠ።

«የልብ ምት አልተገኘም» አለኝ በዚያው በትሁት ድምፁ። «እባክዎ ሰዓቱን ወደ ነበረበት ይመልሱ።»