ብቅለቱ ያልተፈተነ ዘር

የባኮው አውቶቡስ አምቦ መናኸሪያ ውስጥ ገና ሳይቆም መቲ ጎኑን በመዳፏ ደበደበችው። «ኦቦ ረጋሳ! ኦቦ ረጋሳ የሚባሉ አሉ?» ከኋላዋ ፈዬራ የተዋሰውን ላፕቶፕ ደረቱ ላይ አቅፎ ቆሟል። ከትናንት ምሳ ወዲህ እህል በአፉ አልዞረም።

የሠራውን ሥራ ላጫውታችሁ። ፈዬራ አምቦ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ለዶክትሬቱ ብሎ ሦስት ክረምት ሙሉ ከባኮ እስከ ጉደር በገበሬ ማሳ ውስጥ ጭቃ እየረገጠ የበቆሎ ራስ ሲቆጥርና ሲመዝን ኖሯል። ትናንት ምሳውን እየበላ አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ ከነአረፋው ኮምፒውተሩ ላይ ደፋው። በቃ፣ ድርግም! ፍላሹስ አትሉም? ፍላሹን የጓደኛውን ሠርግ ቪዲዮ ሊገለብጥበት ብሎ በገዛ እጁ አጥፍቶታል። ሰኞ ጠዋት ፈታኞቹ ፊት ይቀርባል። ምን ይዞ? ምንም!

የቀረው ተስፋ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ሲስቅበት የኖረው። በሚሊኒየሙ ዓመት የአምቦው ዩኒቨርሲቲና የባኮው ግብርና ምርምር ማዕከል ቤተ መጻሕፍት «የእኔ ተመራማሪዎች መረጃ እናንተ ዘንድ፣ የእናንተ እኔ ዘንድ ይቀመጥ» ብለው ተስማሙ፤ አንዱ ቤት አደጋ ቢደርስበት ከሌላው እንዲገኝ። ተፈረመ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ከዚያ ሥራው በሁለት ሴት ሠራተኞች ጫንቃ ላይ ወደቀ። እዚህ መቲ፣ እዚያ ነዒማ። መቲ መምህራኑን በየኮሪደሩ «ሲዲህን! ሲዲሽን!» እያለች ስታሳድድ «ኮፒ መጣች!» እያሉ ይሸሿት ነበር። ስሙን ያወጣላት ማን መሰላችሁ? ይኸው ፈዬራ። ባለፈው ጥር፣ የመጨረሻው በቆሎ ተሰብስቦ እንዳበቃ፣ «እንኪ፣ ገላግዪኝ» ብሎ አንድ ሲዲ ጠረጴዛዋ ላይ ወረወረላት። እሷም በማግስቱ ለነዒማ ላከችው።

ኦቦ ረጋሳ ከተሳፋሪው ሁሉ በኋላ ወረዱ። የባኮ የዘር መጋዘን ጠባቂ ናቸው። ነዒማ የባኮ ሙቀት ሲዲዎቹን እንዳያበላሽባት ከበቆሎው ዘር ጋር ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ አስቀምጣቸዋለች። ከዚያ ክፍል ደግሞ ካለ ኦቦ ረጋሳ አንዲት ፍሬ አትወጣም፤ ትናንት መቲ ለነዒማ ስትደውል ሲዲውን ራሳቸው ይዘው የመጡትም ለዚህ ነው።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ?» ብላ መቲ ደህንነታቸውን ጠየቀች።

«ነጋ፣ ነጋ! ደህና ነኝ።»

ፈዬራ ሰላምታውንም ረስቶ እጁን ዘረጋ። ሽማግሌው ትንሿን የጨርቅ ከረጢት ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡ።

«ቆይ እንጂ ልጄ! መጀመሪያ ፊርማ።»

ያወጡት ወረቀት ለገበሬ ዘር ሲሰጥ የሚሞላው ቅጽ ነው። መቲ ጮክ ብላ አነበበችው። «የዘሩ ስም፦ ፈዬራ። ብዛት፦ አንድ። ብቅለት፦ አልተፈተነም።» ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን መሃል ላይ ቆመባት። እውነት ነው፣ አልተፈተነም። ይህን ሁሉ ጊዜ ስትሰበስብና ስትልክ አንዱንም መልሳ ከፍታ አይታ አታውቅም። ባዶ ቢሆንስ? ተጭሮ ቢሆንስ? ያን ሁሉ መሳቂያ የሆነችው ለባዶ ነገር ከሆነስ?

ከመናኸሪያው በር አጠገብ ባለችው ሻይ ቤት አግዳሚ ላይ ሦስቱም ተደርድረው ተቀመጡ። ፈዬራ ፈርሞ ሲዲውን ከተተ። ላፕቶፑ አጉረመረመ፣ ዝም አለ፣ እንደገና አጉረመረመ።

«አንቺ እዪልኝ መቲዬ፣ እኔ አልችልም» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

አየች። አንደኛ ክረምት አለ። ሁለተኛ አለ። ሦስተኛውን ስትከፍት ቁጥሩ ከላይ እስከ ታች ተዘረገፈ። አንዱን መስመር ጮክ ብላ አነበበች፦ «ማሳ አሥራ አራት፣ ወይዘሮ ጉዴ። ማስታወሻ፦ ሦስት ራስ ዝንጀሮ በላው።»

«ዝንጀሮው!» ፈዬራ ከአግዳሚው ተስፈንጥሮ ተነሳ። «ዝንጀሮዬ አለ! ያ ሌባ አለ!» ኦቦ ረጋሳን ጉልበታቸውን ሊስም ሲጎነበስ ሻዩን ደፋው፤ ደግነቱ ላፕቶፑን መቲ ቀድማ አንስታዋለች። ሻይ ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ እሷ ግን በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

ኦቦ ረጋሳ ቀስ ብለው እስክሪብቷቸውን አወጡ። «አልተፈተነም» የሚለውን ሰርዘው ከጎኑ «መቶ በመቶ» ብለው ጻፉ። ከዚያ ቀና አሉ።

«አሁን ብድሬን።»

«የምን ብድር፣ ኦቦ?»

«ከእኔ መጋዘን ዘር የወሰደ እጥፍ አድርጎ ነው የሚመልሰው። አንድ ወስደሃል፣ ሁለት ታመጣለህ።»

«ኧረ ይሄ እኮ ሲዲ ነው!»

«ያደረው ከዘር ጋር ነው። እኔ ሌላ ደንብ አላውቅም።»

መቲ ከቦርሳዋ ሁለት ባዶ ሲዲዎች መዘዘች፤ ያለ እነሱ ከቤት አትወጣም። መረጃው ሲገለበጥባቸው በባኮ በኩል ወደ ነቀምት የሚያልፈው አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፋ፣ ደግሞ ነፋ። «ንፋው! ዘሬን ሳልይዝ አልገባም!» አሉ ሽማግሌው፣ ሻያቸውን ፉት እያሉ። ፈዬራ በሁለቱም ላይ በገዛ እጁ ስሙን ጻፈና ከረጢቱ ውስጥ ከቶ በሁለት እጁ አቀበላቸው። እሳቸውም መስኮት ዳር ተቀምጠው ከረጢቱን ጉልበታቸው ላይ አደላድለው ሄዱ።

«መቲዬ፣ ሌላ ባዶ ሲዲ ይኖርሻል?» አለ ፈዬራ።

«ለምን ፈለግኸው?»

«ከእኛ መምህራን ቶሌራ ሲዲውን እስካሁን አልሰጠሽም አይደል? ያ ከይሲ! ክፍል ሳይገባ እደርስበታለሁ።»

ሲዲውን ከእጇ ነጥቆ እየሮጠ ባጃጅ ውስጥ ዘለለ፤ ጧት ሙሉ እንደ ሕፃን ያቀፈውን ላፕቶፕ አግዳሚው ላይ ረስቶት።